የመጨረሻው ዘፈን ለምን ዘገየ

ውድ ጋሼ፣

ስልክህን ዘግተሃል። ይሁን፣ ዝጋው። ልጅህ ጋ ስደውል ደግሞ «አክስቴ፣ አባዬ ማንንም ማናገር አልፈልግም ብሏል» ትለኛለች፣ የቢሮ ጸሐፊህ ይመስል። ስለዚህ ቁጭ ብዬ እየጻፍኩልህ ነው። ቁጭ ብዬ አልኩ እንዴ? ከጠዋት ጀምሮ ቁጭ ብድግ ስል ነው የዋልኩት። ሻይ አፈላለሁ፣ ሳልጠጣው ይቀዘቅዛል፣ እደፋዋለሁ፣ ደግሞ አፈላለሁ። እግሬ ከጠረጴዛው ሥር ወለሉን ሲደበድብ እንደነበር ያወቅኩት እንኳ ከታች ያለችው ጎረቤቴ በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያዋን ስትመታልኝ ነው። እሷም ብትሆን ምት አትጠብቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የስንብት ኮንሰርታችን አልበም ተሠርቶ ሊያልቅ ነው። የቀረው የመጨረሻው ዘፈን፣ «ሩጫ» ብቻ ነው፤ እሱ ላይ ተጣላን። ያ ጎርናና ዘፋኛችን ያንተ ድራም ይውጣና ሌላ ድራመር ስቱዲዮ ገብቶ እንደ አዲስ ይምታው ይላል። እኔ አይነካም እላለሁ። ዓርብ አልበሙ ለኅትመት ይሄዳል፣ ከዚያ በኋላ ወዲህም ወዲያም ማለት የለም። በሌላ ጉዳይ ቢሆን አንተን መጠየቅም አያስፈልገኝም፣ አፌ ለራሱ ይበቃዋል። ይሄ ግን ያንተ እጅ ነው። አንተ ደግሞ የለህም።

አዳራሹን አስታውሰው። ወንበሩ ሞልቶ የተረፈው ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። በጉርምስናቸው የገዙትን የባንዳችንን ቲሸርት ለብሰው የመጡት ደግሞ፣ ቦርጫቸው ላይ ስማችን ተለጥጦ ፊደሉ ሲንጋደድ! አንተ ከድራምህ ኋላ ሆነህ «እያቸው፣ አብረውን አርጅተዋል» ብለህ ሳቅክ። ደህና ነበርክ። ወይም እኔ አላየሁም። በየዘፈኑ መሀል ቀኝ እጅህን ፎጣ ውስጥ ስትጠቀልል ላብ የምታደርቅ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ «ሩጫ» መጣ። ሁሌ የምንዘጋው በእሱ ነው፤ ትንፋሽ የማይሰጥ፣ የተቀመጠን የሚያስነሳ ዘፈን ነው። እንደ ልማድህ በስቲክህ አራቴ አንኳኳህ፣ ገባን። መጀመሪያው ስንኝ ላይ እንደ ድሮው ነበርን። ሁለተኛው ላይ ግን አንድ ነገር ወደ ኋላ ሲጎትተኝ ተሰማኝ። ገና ልጃገረድ ሆኜ ቤዝ ጊታር አስይዘህ ባንዱ ውስጥ ስታስገባኝ ምን ነበር ያልከኝ? «ዘፋኙን እርሺው። ሕዝቡንም እርሺው። ዓይንሽን ከእግሬ አትንቀዪ፤ ስሄድ ትሄጃለሽ፣ ስቆም ትቆሚያለሽ።» እግርህን አየሁት። የትልቁ ድራም መርገጫ ላይ ተንጠልጥሎ ይጠብቃል። ቀኝ እጅህን ነበር የሚጠብቀው። እኔም ጠበቅኩ።

ሌሎቹ ምን ያድርጉ? ኪቦርድ የሚጫወተው ዝምተኛው ቀና ብሎ አየኝ፣ እኔ ቀና አላልኩም፣ ተከተለኝ። ጎርናናው ብቻ ለብቻው ሮጦ ሮጦ ዞር ሲል ማንም የለም። ተመልሶ መጣ። እውነቱን ልንገርህ፣ እዚያ ጋ ሳቄ አምልጦኝ ነበር። ይሄ ሰው ያን ሁለተኛ ስንኝ ዕድሜ ልኩን በፍጥነቱ ተከልሎ ሲያጉተመትመው ነው የኖረው። ግጥሙን እንደማያውቀው ያን ቀን ታወቀበት። «ላላ… መንገዱ… ላላ» እያለ! ሕዝቡ መጀመሪያ መዝለሉን አቆመ፣ ግራ ገባው፣ ተያየ። ከዚያ ከፊት ያለች አንዲት ሴትዮ ግጥሙን ጮክ ብላ ያዘችለት፣ ቀጥሎ አጠገቧ ያለው፣ ቀጥሎ አዳራሹ በሙሉ። ለካ ቃላቱን ከእኛ ይልቅ እነሱ ያውቋቸዋል። መጨረሻው ላይ እያንዳንዱ ምትህ ለብቻው ይወድቅ ነበር፤ እኔም ከሥሩ አንድ ድምጽ አስቀምጥለታለሁ፣ ሰውም ሳይንጫጫ የሚቀጥለውን ይጠብቃል።

ልብስ መቀየሪያው ክፍል ስንገባ ጎርናናው ቱግ አለብህ። «ምን ነካህ? የቀብር ዘፈን አደረግከው እኮ!» አንተ «ደክሞኛል» አልክ፣ በቃ። ስቲክህን በግራ እጅህ ለቃቅመህ ቦርሳህ ውስጥ ከተትክ፣ ዚፑን ልጅህ ዘጋችልህ፣ በማግስቱ ከእሷ ጋር ከተማውን ለቀህ ሄድክ። እኔም አኮረፍኩ። ባንዱ ይብቃ ያልከው አንተ ነህ፤ ለምን ስንልህ «ይብቃ ነው ያልኩት» ብለህ ዘጋኸን። ይባስ ብሎ መሰነባበቻችንን እንደዚያ አደረግከው ብዬ ነው። ለኩርፊያዬ ይቅርታ አልጠይቅህም። ብትነግረኝ ኖሮ አላኮርፍም ነበር።

ባለፈው ሰሞን የቀረጻ ባለሙያው ስቱዲዮ ጠራኝ። መድረክ ላይ እያንዳንዱ ማይክ ለየብቻው እንደሚቀረጽ ታውቃለህ። «አንድ ነገር ላሰማሽ፣ ለሌላ ሰው አላሰማሁም» አለኝና የሁላችንንም ድምጽ ዘግቶ፣ ካንተ ራስ በላይ ተሰቅሎ የነበረውን ማይክ ብቻ ከፈተው። ድራሙ ይሰማል። ከድራሙ ሥር ደግሞ አንተ ትሰማለህ። ትቆጥራለህ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ ልክ በዘፈኑ ፍጥነት፣ ዝንፍ የለም። ከዚያ እጅህ እየቀረ ሲሄድ አፍህም እየዘገየ ሄደ። በኋላ ቁጥሩን ተውከውና እጅህን መለመን ጀመርክ። «በናትሽ፣ ይቺን ብቻ። አይዞሽ፣ ይቺን ብቻ» ትላታለህ፣ የታመመች ሕጻን መድኃኒት እንደሚያስውጥ አባት።

ጋሼ! ሰው ፊት አለቀስኩ። እኔ፣ በእናታችን ቀብር እንኳ ሌላውን ሳጽናና የዋልኩት! ከዚያ ደግሞ ንድድ አለኝ። ለልጅህ ደውዬ አፋጠጥኳት፣ አወጣችው። ሐኪሙ የእጅህን ሕመም ካወቀው ዓመት አልፎታል አለችኝ። ዓመት ሙሉ በየልምምዱ አጠገቤ ተቀምጠህ! ስቲክህ ላይ ፕላስተር ስትጠቀልል «እንዳያንሸራትተኝ ነው» አልከኝ፣ አመንኩህ። ሻይ በሁለት እጅህ ስትይዝ «በርዶኝ ነው» አልከኝ፣ በዚያ ሙቀት፣ እሱንም አመንኩህ። ዓይንሽን ከእግሬ አትንቀዪ ብለኸኝ እጅህን ደበቅከኝ። እኔ ምንህ ነኝ? ጎረቤትህ ነኝ?

ለጎርናናው አልነገርኩትም። የራሱ ጭንቀት አለበት፣ ያ «ላላ» በአልበም ወጥቶ የልጅ ልጆቹ እንዳይሰሙት። «የጋሼ ስም እንዳለ ሽፋኑ ላይ ይቀራል፣ ማን ያውቃል?» ይለኛል። ችግሩ ምን መሰለህ፣ ያንተን ድራም ለማውጣት የእኔም ቤዝ መውጣት አለበት። አንተ የዘገየህበት ቦታ ሁሉ እኔም ዘግይቻለሁ፣ ሌላ ድራም ላይ አይገጥምም። ስለዚህ ማክሰኞ እንደ አዲስ እንድጫወተው ጠሩኝ፣ ሄድኩ። አዎ፣ ሄድኩ! ምናልባት አንተም የምትፈልገው ይሄን ይሆን ብዬ ነው። ክንዱ ብረት ነው ሲባልልህ የኖርክ ሰው፣ ድካምህን ማንም ሰው ሳሎኑ ተቀምጦ እንዲሰማው ላትፈልግ ትችላለህ።

የቀጠሩት ድራመር ጎበዝ ነው፣ አልዋሽም። የጆሮ ማዳመጫውን አጠለቅኩ፣ ጀመርን። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ስደርስ ጣቶቼ ቆሙ። ደገምን፣ ቆሙ። አሁንም ደገምን፣ እዚያችው ቦታ ላይ ጣቶቼ አንወርድም አሉ። አንተን ይጠብቃሉ። ልጁ በትሕትና «እትዬ፣ ቆጥሬ ላስገባዎት?» አለኝ። «ቁጥሩ አይደለም ልጄ» ብዬው የቤዜን ገመድ ነቅዬ ወጣሁ። ጎርናናው እስከ መኪና ማቆሚያው ድረስ እየተከተለ ጮኸብኝ። ድምጹ ከመድረኩ ይልቅ እዚያ አምሮበት ነበር።

እንግዲህ እኔ ካልተጫወትኩ ያንተን ሊተኩት አይችሉም። አሸንፌያለሁ ማለት ነው። ታዲያ ምን ያቁነጠንጠኛል? ለአንተ የተሟገትኩ መስሎኝ አንተ የሸሸግከውን ገበያ ላወጣብህ ይሆን እያልኩ ነው። መስኮት እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። ቤዙን አነሳለሁ፣ አስቀምጣለሁ። ቅጂውን ለልጅህ ልኬላታለሁ፣ እምቢ ብትልም እንድታሰማህ አስምዬአታለሁ። ስማውና አንድ ነገር በለኝ። ይቀየር ካልክ፣ ጣቶቼ ወደዱም ጠሉም ተመልሼ እጫወተዋለሁ። እንዳለ ይውጣ ካልክም ጎርናናውን ለእኔ ተወው። ዝም ብቻ አትበለኝ። ዝምታህን ጠግቤዋለሁ።

ሐሙስ ነው። ደብዳቤውን ሳላሽገው ልጅህ ደወለች።

«አክስቴ፣ ሰማው» አለችኝ።

«እስከ መጨረሻው?»

«እስከ መጨረሻው። ሲያልቅ ድገሚው አለኝ። ደገምኩለት። አክስቴን ምን ልበላት ስለው…»

«እሺ፣ ምን አለ? ምን አለ በይኝ!»

«ቤዙ አይሰማም፣ ከፍ ያድርጉት በያት አለኝ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምንም።»

«ስለ ድራሙስ?»

«ስለ ድራሙ አላነሳም፣ አክስቴ።»

አንተ ሰውዬ! ስልኩን እንደያዝኩ ሳቅኩ፣ አለቀስኩም፣ የትኛው እንደቀደመ እንጃ። ጫማዬን እንኳ በቅጡ ሳላስር ስቱዲዮ ደረስኩ። ጎርናናው እዚያው ተጎልቶ ነበር። ባለሙያውን «ቤዙን ከፍ አድርገው» አልኩት፣ «ማን አለ?» ብሎ ጎርናናው ተነሳብኝ፣ «ጋሼ ነው ያለው» ስለው ተቀመጠ። ከፍ አደረገው። ከመጀመሪያው አሰማን።

እንዴት ልንገርህ? እስከዚያ ድረስ የሚሰማው የአንድ ሰው ድራም ሲዘገይ ነበር። ቤዙ ጎልቶ ሲሰማ ግን ሁለት ሰዎች ሆንን። አንተ ስትቀር እኔ እቆማለሁ፣ ስትደርስ አብረን እንረግጣለን፣ ደግሞ እቆምልሃለሁ። ሕዝቡ በላያችን ላይ ይዘፍናል። ጎርናናው አንገቱን ደፍቶ አዳመጠ። ሲያልቅ ቀስ ብሎ «እጁ ነው፣ አይደል?» አለኝ። «እጁ ነው» አልኩት። «ለምን አልነገረንም?» አለ። «ለአንተ ነግሮ ለማን ሊቀር?» አልኩት። አልዋሽህም፣ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ከዚያ «የእኔ ላላ ግን ይሰማል» አለ። «በደንብ ይሰማል» አልኩት። «ይሁና» ብሎ ኮቱን አንስቶ ወጣ።

ስለዚህ ነገ እንዳለ ይሄዳል። እኔ ደግሞ ቅዳሜ በጠዋቱ አውቶቡስ ተሳፍሬ እመጣለሁ፣ ይሄንንም ደብዳቤ ራሴ አምጥቼ እጅህ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ሐኪሙ ያለህን አንዲት ሳታስቀር ትነግረኛለህ። መጀመሪያ ትንሽ እጮህብሃለሁ፣ ልጅህ ታስጠንቅቅህ።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ጎርናናው ከወጣ በኋላ ባለሙያው ዘፈኑን አንዴ ደግሞ ከፍቶ አዳመጠና «አሁን እኮ ሆን ብላችሁ ያዘገያችሁት ነው የሚመስለው» አለኝ።

«ሆን ብለን ነው» አልኩት።

የምትወድህ፣ ንዴቷ ግን ገና ያልበረደላት
እህትህ