ስለ ጠይባና ስለ ጋራ አመራር ሥልጠናችን

ለጋለማ በር ሆስፒታል የሥልጠና አስተባባሪ፣
ለተከበሩ አቶ አብዲሳ

በቅድሚያ ጤናዎ እንደ ሥልጠናው ሪፖርት መቶ በመቶ የተሟላ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ስሜን ባያስታውሱት አልቀየምም፤ በጥቅምት ወር ሐኪሙን፣ ነርሱን፣ የላቦራቶሪውን ባለሙያ አሰላ ላይ ሰብስበው በጋራ መምራትን ሲያስተምሩ፣ ከሰልጣኞቹ አንዷ የነበርኩት አዋላጅ ሐመልማል ነኝ።

አንደኛ፣ ስለ ቡድን ሥራው አመሰግናለሁ። የእጅ ጽሑፌ ያምራል ተብዬ፣ የክፍላችን ሐኪም ዶክተር ዑራኤል ሲናገሩ የሥልጠናውን ሦስቱንም ቀን ስጽፍ ዋልኩ። «አደጋ ያየ ማንኛውም ባለሙያ ይናገር» የሚለውን በትልቁ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ሁለተኛው ምስጋናዬ ይረዝማል። በተመለስን በዘጠነኛው ቀን ከሁሩታ የመጣች ጠይባ የምትባል እናት ወንድ ልጅ ተገላገለች። ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ደሟ አልቆም አለ። ያለኝን መድኃኒት ሰጥቼ ለዶክተር ዑራኤል ነገርኳቸው፤ «ትንሽ እንያት» አሉኝ። ጊዜ እንደሌላት አውቅ ነበር፤ ሆኖም ደግሜ መናገር ድፍረት መሰለኝና በጨዋነት ጠበቅኩ። የላቦራቶሪው ኢርሻድ የሚሰጣትን ደም አዘጋጅቶ የሐኪም ፊርማ ይጠብቃል። የማደንዘዣ ባለሙያዋ ወይንሸት የቀዶ ሕክምና ክፍሉን አሰናድታ ትእዛዝ ትጠብቃለች። አራታችንም የሥልጠናው ሰርተፍኬት አለን።

ጠይባ እጄን ይዛ «እህቴ፣ በረደኝ» አለችኝ። ብርድ ልብስ ደረብኩላት። «ሌላ ጨምሪልኝ» አለች። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ዝም አለች።

ከዚያ ወዲህ በዚያ አልጋ ላይ ለምትተኛ እናት ሁሉ ገና ስትገባ ሁለት ብርድ ልብስ አለብሳታለሁ። ሞቀኝ ብትለኝም አላነሳላትም። እጄን ስታጠብ የጠይባ ጣቶች አሁንም አልለቀቁኝም።

ሦስተኛ፣ ስለ ጠይባ ሞት በተደረገው ግምገማ ላይ «ክፍተቱ የጋራ ነው» ብለው ጉዳዩን ስለዘጉልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በጋራ መምራት ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ያን ዕለት ነው።

ለሚቀጥሉት ሰልጣኞችዎ ዕድሜ፣ ለታካሚዎቻቸው ደግሞ ከዚያ የበለጠ ዕድሜ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት፣
አዋላጅ ነርስ ሐመልማል እንደሻው

ማስታወሻ፦ በሁለተኛው ዙር «የተሳካ ተሞክሮ» እንዳቀርብ ስለጋበዙኝ እመጣለሁ። የጠይባ እናት ወይዘሮ ፋጡም ሕፃኑን አዝለው አብረውኝ ሊመጡ እሺ ብለዋል። ባገኙኝ ቁጥር የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «ልጄ በማን እጅ ነበረች?» የእኔን ድርሻ ነግሬያቸዋለሁ። የቀረውን እርስዎ ይነግሯቸዋል።