ስድስቱ የአውስትራሊያ ጠርሙሶች

ሐሙስ፣ ጥር 14። ቢቸና። ከሰ. 9፡30

ቁ. 2 ተከፈተ። የወይኑ ዘር ካበርኔ። ቡሽ የለውም፣ ክዳኑ የሚጠመዘዝ ነው። ቀለሙ ጥሩ፤ ጠቆር ያለ ቀይ፣ ጠርዙ ላይ ወደ ሐምራዊ የሚሄድ። ብርጭቆውን አሽከረከርኩ። አፍንጫዬን አስጠጋሁ። ምንም። እንደገና። ምንም።

ደብተሬ፣ ላንተ ብቻ ነው የምነግርህ። ሐምሌ ላይ ያ ክፉ ጉንፋን ከያዘኝ ወዲህ ማሽተት አልችልም። ስድስት ወር ሆነኝ። አ.አ. ትልቅ ሆቴል ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ወይን ስመርጥና ስቀዳ የኖርኩ ሰው! እናቴን ላስታምም ሥራዬን ትቼ እዚህ መጣሁ። መስከረም ላይ ሞተች። እኔና ቤቱ ቀረን።

ባለፈው ሳምንት አቶ ሙላት ከሞጣ ደወሉ። አዲስ ሆቴላቸውን ከዐቢይ ጾም በፊት ሊከፍቱ ነው። ስድስት ዓይነት የአውስትራሊያ ቀይ ወይን ላኩልኝ፣ ሁሉም ዋጋው የማይጎዳ። አንዱን ልመርጥ። ሠርገኛውም ነጋዴውም የሚወደውን። ምርጫዬ ካማረ የምግብ ቤቱ ኃላፊ እሆናለሁ፤ የምኖርበት ክፍልም እዚያው አለ። ሰው የሚገባበት፣ ሰው የሚወጣበት ቤት።

አፍንጫዬን አልነገርኳቸውም።

ቅዳሜ፣ ጥር 16

ቁ. 1፣ መርሎ። ቁ. 3፣ ካበርኔና ሺራዝ የተደባለቀ። ምላሴ ይሠራል፦ ጣፋጭነቱን፣ ኮምጣጣነቱን፣ ድድ ማድረቁን ይነግረኛል። ሌላው ሁሉ ጨለማ።

ለአቶ ሙላት የምሰጠውን ወረቀት ጀመርኩ። «የጥቁር እንጆሪ፣ የቅርንፉድ፣ የቫኒላ ጠረን ያለው» ብዬ ጻፍኩ። ለእንግዳ ስለው የኖርኩት ነው፤ እጄ በልማድ ጻፈው። ቀደድኩት። ቆይቼ ደግሞ ያንኑ ጻፍኩ።

አቶ ሙላት ደወሉ። ቡሽ የሌለው ወይን ርካሽ ነው ብሎ ሰው አይንቀንም ወይ ሲሉ ተጨንቀዋል። አውስትራሊያውያን ጥሩውንም ወይን እንዲሁ እንደሚከድኑ፣ ቡሽ የሚያመጣው ብልሽት እንደሌለበት፣ ጠርሙሱን ማስተኛት እንደማያስፈልግ አስረዳኋቸው። ደስ አላቸው። እኔም አምስት ደቂቃ ሙሉ ሰው ሆንኩ። ስልኩ ተዘጋ። ሬዲዮ ከፈትኩ፤ ለወሬው አይደለም፣ ለድምፁ።

ሰኞ፣ ጥር 18። ሞጣ ደርሼ መጣሁ

አውቶቡስ ላይ አጠገቤ የተቀመጠው የጉንደ ወይን ሰው ነው። ሥራዬን ጠየቀኝ። ወይን እመርጣለሁ አልኩት። ሳቀ። የኛ አገር ስሙ የወይን ግንድ ነው፣ አንድ ሐረግ ግን አታገኝም አለኝ። እስከ ሞጣ አወራን። ሲወርድ ቅር አለኝ።

ሆቴሉ ሊያልቅ ነው። ክፍሌ የሚሆነውንም አሳዩኝ፣ መስኮቱ ወደ መንገድ። ከዚያ ወጥቼ ቅመም መደብር ገባሁ። ኃይለኛ ቅመም ባሸት አፍንጫዬ ይነቃ ይሆናል ብዬ። ባለመደብሩ ሐጂ ሰይድ ናቸው፣ ከአባታቸው ጀምሮ እዚያው የሚነግዱ። የተፈጨ ቅርንፉድ ጠየቅኳቸው። ከሌላ ቅመም ጋር በየወረቀቱ ዘረጉልኝ። አንዱን አነሳሁ፣ አሸተትኩ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ግሩም ቅርንፉድ ነው» አልኩ።

ሐጂ በእጄ ያለውን ወረቀት አዩ። «ጋሼ፣ እሱ ኮረሪማ ነው።»

መልሼ አስቀመጥኩት። ወረቀቱን ቀስ ብለው አጠፉት፣ ሌላ ገዢ እንዳይሰማም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ከመቼ ጀምሮ ነው አሉኝ። ነገርኳቸው። በሰው ፊት ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። ባለቤታቸውም እንዲሁ ሆነው ነበር፣ ቆይቶ ተመለሰላቸው። አላህ ይመልስልዎ አሉኝ።

«እስኪመለስ ግን ቤት ውስጥ የሚያሸትልዎ ሰው አይጠፋም መቼም?»

«የለም» አልኩ።

ቅርንፉዱን ሳልገዛ ወጣሁ።

ረቡዕ፣ ጥር 20

ጾም ነው፤ አልቀምስም። ቀኑን ሙሉ እትዬ የሺን ሳስብ ዋልኩ። ጎረቤቴ ናቸው፣ ጠጅ ጥለው የሚሸጡ። ማር አሽትተው ንቡ የቀሰመውን አበባ ይናገራሉ። እናቴ ታማ ሳለ አንድ ቀን እንኳ ከቤታችን አልጠፉም። ከአርባዋ በኋላ ምግብ ይዘው ቢመጡ «ብቻዬን ተዉኝ» አልኳቸው። ተዉኝ። እስከ ዛሬ።

ሁለቴ አጥራቸው ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። በሦስተኛው አዩኝ።

«ምን ጠፋብህ ጌታሁን?»

«አፍንጫዬ» አልኩ። 

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ያንንም ቃሌን ይቅር ይበሉኝ አልኩ። ሐዘን ላይ ያለ ሰው የሚለውን አልይዝበትም አሉ። ግን ወዲያው አልሳቁልኝም። ነገ ከማርያም መልስ እመጣለሁ አሉ።

ሐሙስ፣ ጥር 21። አስተርዮ ማርያም። ከሰ. 11፡00

መጡ! ያለኝ ሁለት የወይን ብርጭቆ ብቻ ነው፤ እሳቸው አራት ብርሌ ይዘው መጡ። ቀይ ወጥም። ስድስቱን ደረደርኩ። እሳቸው ያሸታሉ፣ እኔ በአፌ እለካለሁ።

ቁ. 1 ከረሜላ ነው አሉ። ቁ. 2 እርጥብ ቅጠል። ቁ. 3 ገና የተሰነጠቀ ሳንቃ። ልክ ናቸው፣ ወይኑ የቆየበት የእንጨት በርሜል ነው! ቁ. 5፣ ጠርሙሱ ሁሉ ወርቅ የተለጠፈበት፦ «ይሄን ጠረንስ ከጸጉር ቅባት ላይ ነው የማውቀው።» ቁ. 6ን አሽትተው ገፋ አደረጉት።

ቁ. 4 ላይ ቆዩ። ሺራዝ፣ ስሙን ማንም የማያውቀው ጠርሙስ።

«አጋም» አሉ። «ፀሐይ የመታው፣ የጠቆረ አጋም። ኋላ ደግሞ ቁንዶ በርበሬ ይመጣል።»

ቀመስኩት። ከወጡ ጋር ሞከርኩት። ካበርኔው በበርበሬው ላይ እሳት ሆኖ ነበር፤ ይሄ ለስላሳ፣ ድድ አያስርም፣ ኮምጣጣነቱ ቅባቱን ጠረገው። እኔ የእሳቸውን አጋም አላገኘሁትም። አምኜ ግን ዋጥኩት። ቁ. 4። ተመረጠ።

ሊሄዱ ሲነሡ አስቀመጥኳቸው። ከሣጥን የእናቴን ነጠላ አወጣሁ፤ ካረፈች ወዲህ አልታጠበም። ብዙ ጊዜ ፊቴ ላይ አድርጌው ጨርቅ ብቻ ሆኖብኛል። አፍሬ፣ ያሽትቱልኝ አልኩ።

ለረጅም ጊዜ ያዙት።

«አደስ ያለበት ቅቤ» አሉ። «ትንሽ ጢስ። ሳሙና… እሷው ናት፣ ጌታሁን። አለች።»

ሁለታችንም አለቀስን። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ቅዳሜ፣ ጥር 23። ሞጣ፣ መናኸሪያ

አውቶቡስ እየጠበቅኩ ነው። አቶ ሙላት ቁ. 4ን ቀመሱ፤ ጠጪ አይደሉም፣ ግን ብርጭቆውን ጨረሱ። ይሄ ይሁን፣ ሠላሳ ካርቶን ይምጣ አሉ። እዚያ ላይ ዝም ብል ሥራው የኔ ነበር። የክፍሉን ቁልፍ አውጥተው ጠረጴዛ ላይ አድርገውታል። ያ የመንገድ መስኮት።

ተናገርኩ። አፌ የኔ ነው፣ አፍንጫው የጎረቤቴ ነው፣ ወ/ሮ የሺ ይባላሉ አልኩ።

ቁልፉን አላነሡትም፤ አልሰጡኝምም። «ጋሽ ጌታሁን፣ ወጥ ቤት ቢቃጠል፣ ጋዝ ቢያፈስ፣ ሥጋ ቢበላሽ በምን ያውቃሉ?»

 ልክ ናቸው። በአክብሮት እስከ በር ሸኙኝ። ሲሻልዎ እንነጋገራለን አሉ። እንዲህ ሲባል እምቢታ መሆኑን አውቃለሁ፤ እኔም ለብዙ ሰው ብዬዋለሁ። አውቶቡሱ መጣ።

ሰኞ፣ ጥር 25። ቢቸና። ጠ. 4፡00

ትናንት እትዬ የሺ ጉልበታቸው እምቢ እንዳላቸው ነገሩኝ። ጠጅ ቤቱን ሊዘጉት ነው፤ የሚቀዳ ሰው ከተገኘ ግን እንደማይዘጉት አሉ። አንተ ትቀዳለህ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ላስብበት አልኩ። ሃያ ስድስት ዓመት በነጭ ጓንት የቀዳሁ ሰው ጠጅ ቤት ልቀዳ? አልኩ በሆዴ። እሳቸውም ሆዴን ሳያዩት አልቀሩም፤ ነገሩን በሌላ ወሬ አሳለፉት።

ዛሬ ቁርስ ስበላ «ጨው ያንሰዋል» አልኩ፣ ጮክ ብዬ። ቤቱ ውስጥ ማንም የለም። ከትናንት ማታ ጀምሮ ከአፌ የወጣው ቃል ይሄ ብቻ ነው።

ወሰንኩ። እቀዳለሁ። ነጭ ሸሚዜን አጥቤ አሰጣሁት። እስኪደርቅ አልጠብቅም፤ ሄጄ ልንገራቸው።