ሦስተኛ ሰው ሲገባ

ይድረስ ለታናሽ እህቴ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ባለቤትሽ፣ ልጆችሽ፣ አማትሽስ እንደምን ናቸው? ያ ወገብሽ ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ሲያምሽ ነው የምትውይው? በእናንተ ዘንድ ብርዱ በርትቷል ሲባል ሰማሁ፤ ለደረትሽ ተጠንቀቂ። እኛ ደህና ነን ብዬ አልዋሽሽም። እትዬን ከቀበርናት ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ቀናችን ነው፤ ቤቱም እኔም ገና አልለመድነውም።

ስልክ ስደውል አታነሺም። እውነት አለሽ፤ እኔም ብሆን አላነሳም ነበር። ስለዚህ በወረቀት ጻፍኩ። እስከ መጨረሻው አንብቢው፤ ከዚያ ብትቀጂው ያንቺ ጉዳይ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። ሐኪሙ እትዬ ወር አትደርስም ሲለን፣ እሷ "ልጆቼን አሳዩኝ" አለች። ወልዳ የማታውቅ ሴት ልጆቼ ስትል ማንን እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ እናታችን ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችንን እኔን፣ ሹፌሩን ወንድማችንንና አንቺን ነው። ልጄ "አባባ፣ ሁሉም ሰው የሚጠቀምበት የቪዲዮ መተግበሪያ አለ እኮ፤ በአንድ ደቂቃ ፊት ለፊት ትተያያላችሁ" ብትለኝ እምቢ አልኩ። የእህቴን ጣር በማላውቀው ድርጅት በኩል አላሳልፍም፤ የቪዲዮ መገናኛውን በራሴ ቤት፣ በራሴ ኮምፒዩተር ላይ እተክላለሁ አልኳት። "አንተ ውሃ ቢጠማህም ጉድጓድ ካልቆፈርክ አትጠጣም" አለችኝ። በዚህ አሳቤ አሁንም አልተጸጸትኩም። የምጸጸትበት ሌላ ነው።

ከሬዲዮ መጠገኛ ሱቄ የተረፈውን አሮጌ ኮምፒዩተር ኮሪደሩ ላይ፣ ከጫማ መደርደሪያው በላይ አስቀመጥኩ። አስተማሪ አልነበረኝም፤ መመሪያውን በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ ዘጠኝ ቀን ፈጀብኝ። ሲያልቅ ላፕቶፑን እትዬ ፊት ዘርግቼ ሹፌሩን ጠራሁት። መኪናውን መንገድ ዳር አቁሞ ፊቱ ብቅ ሲል "ከሳህ" አለችው። "ዓይንሽ ነው የደከመው እንጂ እኔስ በር አላስገባ ብሎኛል" ብሎ አሳቃት። ያን ቀን ደረቴን ነፍቼ ነው የዋልኩት።

ከዚያ አንቺ ገባሽ። በገባሽበት ቅጽበት የሁላችንም ምስል ጨለመ፤ ድምፅም ጠፋ። ስትወጪ ተመለሰ። ወዲያው ፈረድኩብሽ፤ ስልክሽ የማይረባ ነው፣ ውጪልን አልኩሽ። በማግስቱ በባለቤትሽ ኮምፒዩተር መጣሽ፤ ጨለመ። እሱንም ጣሉት አልኩ። በተራ ስልክ አገናኘኝ ብትዪኝም፣ ነገ ይስተካከላል፣ ፊቷን ታያለሽ ብዬ አሳደርኩሽ። በሦስተኛው ቀን "ጋሼ፣ አዲስ ስልክ ገዛሁ፤ ዛሬስ ልግባ?" አልሽ። ገባሽ፤ ጨለመ። ያኔ ደውዬ፣ ያንቺም የእኔም ቤት እየሰማ፣ "አንቺ ከልጅነትሽ ጀምሮ የነካሽው ነገር አይበጅም" አልኩሽ።

ሦስት ዕቃ ቀያይረሽ ሦስቴም ሲጨልም፣ ልብ ያለው ሰው ወደ ራሱ ዕቃ ይመለከት ነበር። እኔ አልተመለከትኩም።

ከቀብሩ በኋላ በስድስተኛው ቀን ሹፌሩ ሊያጽናናኝ በዚያው መገናኛ ገባ። ልጄም ከምትሠራበት ፋርማሲ፣ በእረፍት ሰዓቷ፣ ሦስተኛ ሆና ገባች። ጨለመ። የእሷ ስልክ እንከን የለውም።

መመሪያውን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ እንደገና አነበብኩት። ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ ዕቃዎቻቸው በቀጥታ ይገናኛሉ፤ የእኔ ኮምፒዩተር አስተዋውቋቸው ገለል ይላል። ሦስተኛ ሰው ሲገባ ግን የሁሉም ምስልና ድምፅ በእሱ በኩል ማለፍ አለበት፤ ለዚህ ደግሞ ኢንተርኔቱን ወደ ቤት በሚያስገባው ራውተር ላይ የራሱ ቁጥር ያለው አንድ በር መከፈት ነበረበት። ሌሎቹን ከፍቼ እሱን ዘለልኩት። መስመር ዘልዬ አላውቅም እያልኩ በሰው ስቆጣ የኖርኩ ሰው! ስሞክረውም ሁልጊዜ ሁለት ሆነን ስለነበር ጉድለቱን አላየሁትም። በሩን ከፍቼ መልሼ ጠራኋቸው። ሦስታችንም ጎን ለጎን ታየን። ልጄ አለቀሰች። እኔ ማሽኑን አጠፋሁት።

አንድ የቀረኝ አለ፤ እስከ ዛሬ ጠዋት ለማንም ያልተናገርኩት። በዚያች በሦስተኛዋ ቀን፣ አንቺን ካስወጣሁ በኋላ፣ እትዬ እጄን ያዘችኝ። "እሱን ሦስት ቀን አየሁት፤ አሁን እሱን አስወጣና ትንሿን አስገባልኝ" አለችኝ። ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም። እሱ ወጥቶ አንቺ ብትገቢ ሁለት ብቻ ትሆኑ ነበር፤ ሁለት ከሆናችሁ ደግሞ ይሠራ ነበር። ፊደል ያልቆጠረችው ሴት መፍትሔውን ነገረችኝ። እኔ "የማሽን ነገር አይገባሽም፤ ዝም ብለሽ ተኚ" አልኳት። ተኛች። በማግስቱ ረፋድ ላይ አረፈች።

ስለዚህ እህቴ፣ የመጨረሻ ፍላጎቷ አንቺ ነበርሽ። መሃል ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ።

ይቅር በይኝ የሚለውን ሦስቴ ጽፌ ሦስቴ ሰረዝኩት። መጀመሪያ ስምሽ መመለስ አለበት። ያዋረድኩሽ በሰው ፊት ስለሆነ፣ ይህን ደብዳቤ ለብቻሽ አትያዢው፤ ቤተሰቡ ሲሰበሰብ ትልቋ ልጅሽ ድምጿን ከፍ አድርጋ ታንብበው። እኔም ለልጄና ለሹፌሩ ዛሬ ጠዋት አንብቤላቸዋለሁ። ልጄ ተነስታ ወጣች። ሹፌሩ ሳልጨርስ ዘጋብኝ፤ መልሼ ደውዬ ጨረስኩለት።

ባለቤትሽን በጣም አድርገሽ ሰላም በይልኝ። ትንሿን ልጅሽን ግንባሯን ሳሚልኝ፤ ትልቋን ስታነብ መሃል ላይ እንዳታቆም እዘዣት። ለአማትሽ እጅ እነሳለሁ። "ይህ ምን ዓይነት ወንድም ነው?" ቢሉሽ አትከላከዪልኝ።

ታላቅ ወንድምሽ
ከእትዬ ክፍል
የካቲት 14 ቀን