የሻንጣ ጎማ ድምፅ

ልጄ፣ የዓይኔ ማረፊያ፣ የያዝሽው ይባረክ፣ መንገድሽ ይቅና። እንዴት ከርመሻል? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም እንደ አመሉ ነው።

ሰፈራችን ተሸጦ አለቀ ማለት ይቻላል። የልብስ ሰፊዋ ቤት የእንግዳ ማረፊያ ሆነ፤ የአናጢውም እንደዚያው። ልብስ ሰፊዋ እህቷ ዘንድ ገባች። ሸኝቻት ተመለስኩና ሽንኩርቴን ከተፍኩ። እንባ እንኳ አልመጣልኝም፤ ምን እንደነካኝ እንጃ።

አሁን ጎረቤቶቼ በየሳምንቱ ይለዋወጣሉ። ቱሪስቶቹ ቤት እየተሳሳቱ የእኛን በር ያንኳኳሉ፤ በእጄ አሳያቸዋለሁ። ትናንት አንዷ በራችን ላይ ተደግፋ ፎቶ ተነሳች። ያው የምታውቂው በር ነው፣ ቀለሙ የተላጠው። አጎትሽ "አንቺም ቤቱን አከራይተሽው ውጪ" ይለኛል፤ ቡናውን እቀዳለታለሁ።

መጀመሪያ ላይ የሻንጣ ጎማ ድንጋይ ንጣፉ ላይ ሲንገጫገጭ በሰማሁ ቁጥር፣ አንቺ የመጣሽ እየመሰለኝ በነጠላ ጫማ እሮጥ ነበር። አሁን ቁጭ ብዬ ሥራዬን እሠራለሁ። ሲንኳኳም አንዳንዴ አልነሳም።

በባዶ ሆድሽ አትውጪ፤ ብርድ እንዳይመታሽ። ክፉ አይንካሽ፣ በሄድሽበት ደግ ሰው ይግጠምሽ። አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርሽ፤ የምትመጪ ቀን በር አታንኳኪ። ገና ከመንገዱ ጀምረሽ "እማዬ!" እያልሽ ጥሪኝ።

እናትሽ