ትዋብ ከሞተች በኋላ የላከችልኝ ሰላምታ

ይድረስ ለወንድሜ ለታየ፤ ጎንደር፣ አዘዞ።

ከአንድ ማሕፀን ወጥተን፣ በአንድ ቁና የተሰፈረልንን እህል በልተን ካደግን በኋላ፣ እኔን የቤርሳቤህ በረሓ፣ አንተን ያባቶቻችን አፈር ይዞን የተለያየን ወንድሜ ሆይ፣ እንደ ምን ሰነበታችሁ? ባለቤትህ አልጋነሽ ያ ወገቧን ሲይዛት የኖረው ሕመም ለቀቃት ወይ? ልጅህ ፍጹም ፈተናውን አለፈ ወይ? ክረምቱ እንዴት ወጣ? መንገዱስ ሰላም ሆነ ወይ? ይህን ሁሉ የምጠይቀው እንደ ቀድሞው የደብዳቤን ወግ ለመሙላት አይደለም፤ ከመካከላችሁ ማን በሕይወት እንዳለና ማን በብዕርህ ጫፍ ላይ ብቻ እንደሚኖር ለይቼ ማወቅ ስላቃተኝ ነው። ስለዚህ በመልስህ ግርጌ እያንዳንዱ ሰው በገዛ እጁ ስሙን ይጻፍ፤ ፊደል ያልቈጠረ ቢኖር በአውራ ጣቱ ይፈርም። ላንተ ለራስህ የሚገባውን ሰላምታ ግን እስከ ደብዳቤው መጨረሻ አቆይቼዋለሁና ታገሠኝ።

እኅታችን ትዋብ ከሞተች ሦስት ዓመት ማለፉን ዐወቅሁ። ከማን ሰማ ብለህ እንዳትናውዝ አካሄዱን ልንገርህ። የሰግድ በዓላችንን አክብረን ከኢየሩሳሌም ስንመለስ፣ በአውቶቡሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ሸጋ የምትባል ሴት ነበረች፤ ከጎንደር ከመጣች ዓመት አልሞላትም፣ አሁን ሽኩና ሄ በሚባለው ሰፈር በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ወለል እየወለወለች ትኖራለች። ስሜን ጠይቃ ቢምረው ብላት ዘላ ጉልበቴን ሳመች። «አባባ፣ የእማማ ትዋብ ወንድም እርስዎ ነዎት እንዴ! ጎረቤታቸው እኮ ነበርሁ። የቀብራቸው ዕለት አልቃሿ ‹ቢምረው የት ነህ፣ ባሕር ማዶ ያለኸው› እያለች ስትጣራ፣ እኔ ከሟቿ ይልቅ ላላየሁት ሰው ነው ያለቀስሁ» አለችኝ። ከዚያ ፊቴን አየችና እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ውይ በሞትሁት! አልነገሩዎትም እንዴ?» አለች። እኔም ይህች ምስኪን ሴት ባልሠራችው ኀጢአት ዕድሜዋን ስትጸጸት እንዳትኖር ብዬ፣ «ነግረውኛል ልጄ፣ ምን ቆየ፤ በጥቅምት አይደል?» አልኋት። «አዎን አባባ፣ በጥቅምት፤ ሦስት ዓመት ሆናቸው» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ስለ ደመወዟና ስለ አለቃዋ ጠባይ እየጠየቅኋት፣ አንገቴን ሳልደፋ፣ ዐይኔን ሳልጠርግ፣ እስከ ቤርሳቤህ ደረስን።

ታየ፣ መርዶ እንዴት እንደሚነገር ላንተ አላስተምርህም፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በአዘዞ መርዶ የሚያረዳ ሰው ሲፈለግ ወደ ደጃችን ይመጣ እንደ ነበርና አንተም ነጠላህን አዘቅዝቀህ ከኋላዬ ትከተለኝ እንደ ነበር ታስታውሳለህ። ገና ጎሕ ሳይቀድ፣ ሰውየው ከመኝታው ሳይነሣ፣ ግራና ቀኙን የሚይዙት ዘመዶች በበሩ ከገቡ በኋላ ነበር አፌን የምከፍት። ለታመመ ይቆይለታል፣ ለአራስ ይቆይላታል፣ ባዕድ አገር ብቻውን ላለም ሰው እስኪያገኝ ይቆይለታል፤ ይህን ሥርዐት እኔው በአፌ ስለ ነገርሁህ ዛሬ «ለምን ደበቅኸኝ» ብዬ ልከስስህ አልነሣም። ለእኔ ግን ያ ሁሉ ሥርዐት ቀርቶብኝ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ በማያውቁኝ ሰዎች መካከል፣ ግራዬን የመስኮት መስታወት ቀኜን የደነገጠች ሴት ይዘውኝ ሰማሁ።

ከአውቶቡስ ወርጄ ቤት ስደርስ ልጄ ሃና ከቤቷ መጥታ እራት እያቀረበችልኝ ነበር፣ የልጅ ልጄ አጋምም ስልኳን ይዛ ተቀምጣለች። ሃናን «ትዋብ መቼ ሞተች?» አልኋት፤ መሞቷን አልጠየቅኋትም፣ ቀኑን ነው የጠየቅኋት። ጭልፋው ከእጇ አልወደቀም፣ አልጮኸችም፤ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «አባባ፣ አንተ እኮ ኒቱሕ፣ ቀዶ ሕክምና ላይ ነበርህ፤ ደረትህ ተከፍቶ! አጎቴ ታየ ሲደውል ሐኪሙ ምንም እንዳትነግሩት ብሎን ነበር። ቤሴደር፣ እሺ፣ ለፋሲካ እንነግረዋለን ተባባልን። ለፋሲካ ደግሞ ከሆስፒታል ወጥተህ ደስ ብሎህ ዋልህ። ከዚያ ወዲያ በየትኛው ቀን ልንገርህ? ቀኑን አንተ ንገረኝ!» አለችኝ። አጋም ግን ምንም አታውቅም ነበርና ብድግ ብላ፣ «ሼከር! ውሸት!» ብላ እናቷ ላይ ጮኸች። «የሳባን፣ የአያቴን ደብዳቤ ፎቶ እያነሣሁ የምልከው እኔ፣ የመጣውን የማሳየው እኔ! ለእኔ እንኳ?» አለች። ደብዳቤያችንን በዚያ ስልክ ያመላለሰችው እርሷ ናትና ልቧ ቢቈስል አልፈርድባትም።

አሁን ወደ አንተ ልመለስ። መደበቅ ሌላ፣ መፍጠር ሌላ ነው። ዝም ብትል፣ የትዋብን ስም ከሰላምታው ተራ ብታወጣው፣ እኔም በዝምታህ ውስጥ ነገሩን ጠርጥሬ ቀስ በቀስ ባዘንሁ ነበር። አንተ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ በየደብዳቤህ ግርጌ እርሷን አናገርሃት። «እትዬ ትዋብ ፀሐይ በወጣች ቍጥር ፊቷን ወደ ሰሜን አዙራ፣ የወንድሜን ናፍቆት ይህ የማለዳ ነፋስ ያድርስልኝ ትላለች» ብለህ የጻፍኸው ጥር ወር ላይ ነው፤ ስቈጥረው፣ እርሷ ከተቀበረች ሦስተኛ ወሯ ነበር። በስልክ ላነጋግራት ባልሁም ጊዜ «ጆሮዋ ደክሟል፣ አትሰማም» አልኸኝ፤ እኔም ጆሮዬ ከደከመ ሰንብቶ ነበርና፣ ሁለት ደንቈሮዎች ገንዘብ ከፍለን ከምንጯጯህ ብዬ ተውሁት።

ይበልጥ አንጀቴን የሚበላኝ የገዛ ሞኝነቴ ነው። ትዋብ በሕይወቷ ሰላምታ ልካ አታውቅም። እናታችን ከሞተችበት ቀን ጀምሮ ሁለታችንን ተራ በተራ በአንቀልባ አዝላ ያሳደገች ያች ሴት፣ እኔ አገር ከለቀቅሁ ወዲህ በሰው አፍ የምትልክብኝ አንዲት ጥያቄ ብቻ ነበረች፤ «እህል ይቀምሳል ወይ?» ትልና ዝም። እኔ ግን ያማረ ቃል የሚያሰክረኝ ሰው ነኝና፣ ያ የማለዳ ነፋስና ያ ናፍቆት በደረሰኝ ጊዜ፣ ይህ የትዋብ አንደበት አይደለም ማለት ሲገባኝ፣ እትዬ በስተርጅናዋ ቃል ተሰጣት ብዬ ተደሰትሁ። በሽኩና ቫቭ ምኵራብ ደጃፍ ለሚቀመጡት ሽማግሌዎች እያነበብሁ ተመጻደቅሁ፤ «ቢምረው፣ እኅትህ ካንተ በልጣ አረፈችው!» እያሉ ሲያላግጡብኝም ኰራሁ። ደብዳቤ መጻፍን ያስተማርሁህ እኔ ነኝ፤ ባስተማርሁህ ቃል አታለልኸኝ።

ባለፈው ሚያዝያ፣ ባለቤቴ ማንአለብሽ ካረፈች ወዲህ ከአራት ግድግዳ ጋር መኖር ስለ ሰለቸኝ፣ ሃናም ሥራ ስለምትውል፣ አጋምም የወታደርነት ዘመኗ እየደረሰባት ስለ ሆነ፣ ጠቅልዬ ልመለስ፣ የቀረችኝን ዕድሜ ከትዋብ ጋር በእርሷ ቤት ልጨርስ ብዬ ስጽፍልህ፣ ያን ጊዜ እንኳ እውነቱን ትነግረኛለህ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ጅል አይባልም። አንተ በሐምሌ ምን ብለህ መለስህ? ደብዳቤው በእጄ ነው፤ «እትዬ ትዋብ የምሥራቁን ክፍል በጭቃ አስመርጋ አዘጋጅታልሃለች፣ ከመሞቴ በፊት ዐይኑን ልየው ትላለች፤ ነገር ግን መንገዱ ጥሩ አይደለምና ጥቂት ቆይ» ይላል። መንገዱ ጥሩ አለመሆኑ እውነት ነው፤ በአንዲት እውነት ስንት ውሸት አለበስህባት!

እኔ ግን አልቆየሁም። ለሃና ሳልነግር ወደ መንግሥት ቤቶች ጽሕፈት ቤት ሄጄ፣ ይህችን ሁለት ክፍል ቤት ልለቅ፣ ቍልፉንም በኅዳር መጨረሻ ላስረክብ ተስማማሁ። ጸሐፊዋ ወጣት ናት፣ ዖዝ የሚባለውን አስተርጓሚ ጠርታ ሦስት ጊዜ አስጠየቀችኝ፤ «አባባ፣ ቍልፍ የመለሰ ሰው ቤት አያገኝም፤ ሰልፉ የአሥር ዓመት ነው፤ እዚያ የሚጠብቅዎ ሰው አለ?» አለኝ። «እኅቴ አለች» አልሁት። ቃሌን በወረቀት ላይ ጻፉት። እኅቴ ግን ሦስት ዓመት የሞላት መቃብር ውስጥ ነበረች። ያች ሸጋ የምትባል ሴት በአውቶቡሱ ሌላ ወንበር መርጣ ቢሆን ኖሮ፣ እኔ ይህ ወር ሲያልቅ በሰባ ስምንት ዓመቴ ከዚህም ከዚያም የሌለሁ ሰው ሆኜ፣ ሻንጣዬን ይዤ በትዋብ በር ላይ ቆሜ ነበር፤ በሩን ማን ሊከፍትልኝ ነበር ታየ? ያን ቀን ምን ልትለኝ አስበህ ነበር? ይህን ጥያቄ ብቻ መልስልኝ፤ ሌላውን ሁሉ ብትተወው ግድ የለኝም።

በማግሥቱ የለቅሶዬን ሥርዐት ልጠይቅ ወደ ራቢ ሞሼ ሄድሁ። ልጅ እግር ነው፣ ነገር ግን ትሑት ነው። መጽሐፉን ገልጦ ካነበበ በኋላ፣ የሞት ወሬ በሠላሳ ቀን ውስጥ የደረሰው ሰው ሰባት ቀን ይቀመጣል፣ ከሠላሳ ቀን ያለፈበት ግን አንድ ሰዓት ብቻ ይቀመጣል ብሎ ነገረኝ። «አንድ ሰዓት?» አልሁት። «አንድ ሰዓት፣ አባባ፤ ሕጉ ነው» አለኝ፤ እርሱም ዐይኑን ሰበረ። ሕጉን አልነቅፍም። ሄድሁና ጫማዬን አውልቄ፣ ከመሬት ዝቅ ባለች በርጩማ ላይ፣ ሃናና አጋም ግራና ቀኜ ሆነው፣ በግድግዳው ሰዓት ፊት ተቀመጥሁ። የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ፊቷን ለማስታወስ ስታገል አለቀ፤ ሁለተኛው ያች አንቀልባ ትዝ ስትለኝ ሄደ፤ ማልቀስ የጀመርሁት ሰዓቱ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው። ሰባቱን ቀን የወሰድህብኝ አንተ ነህ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ ሦስት ዓመት ያደረ ንጋት ግን አይተህ ታውቃለህ?

እንግዲህ የቈረጥሁትን ስማ። ትናንት ወደ ጽሕፈት ቤቱ ተመልሼ ያን ወረቀት አስቀደድሁት፤ ቍልፉ በኪሴ ነው፣ አልመልሰውም። ልመለስ ያልሁት ወደ ትዋብ ነበር፤ ትዋብ ከሌለች በጎንደር ለመኖር የምሄድበት ቤት የለኝም፣ በአንተ ቤትም ከአንድ ገበታ ቀርቤ ቃልህን አምኜ የምጐርስበት ልብ ዛሬ የለኝም። ነገር ግን መንገዱ እንደ ተከፈተ፣ ሐኪሙም እንደ ፈቀደ፣ ለመኖር ሳይሆን ለመቀመጥ እመጣለሁ። በትዋብ ቤት መሬት ላይ፣ ሕጉ ያልሰጠኝን ስድስት ቀን ከሃያ ሦስት ሰዓት እቀመጣለሁ፤ አንተም ከእኔ ጋር ትቀመጣለህ፤ አንድም ያማረ ቃል ሳትናገር እንዴት እንደ ሞተች፣ ማን አጠገቧ እንደ ነበረ፣ በመጨረሻ ምን እንዳለች ትነግረኛለህ። ምንም ሳትል ሞታ እንደ ሆነም፣ ምንም አላለችም በለኝ። ከዚያ በኋላ ወደ ቤርሳቤህ እመለሳለሁ።

ለአልጋነሽ፣ ትዋብን አጥባ የገነዘቻት እርሷ እንደ ሆነች ሸጋ ነግራኛለችና፣ እጇን ስሜያለሁ በላት። ለፍጹም፣ ደብዳቤህን ፎቶ እያነሣ ሲልክ ያባቱን ትእዛዝ ፈጸመ እንጂ አልበደለኝምና፣ ሰላም በለው፤ ከእንግዲህ ግን ፎቶ የሚያነሣውን ደብዳቤ አስቀድሞ ያንብብ። በዙሪያችሁ ላሉት ጎረቤቶች፣ ትዋብን ላስቀበሯት ሁሉ፣ ባልነበርሁበት ስላለቀሱልኝ እግዚአብሔር ይክፈላቸው። ሃና አልቅሳ ሰላም ትላችኋለች። አጋም ሰላም አትልህም፣ እንድዋሽላትም አልፈለገችም።

ላንተ ለታየ በመጀመሪያ ያቆየሁት ሰላምታ አሁንም ከእጄ አልወጣም፤ ስመጣ ይዤው እንደምመጣና እንደማልመጣ እኔም አላውቅም። ይህን ሁሉ ከጻፍሁ በኋላ ግን ብዕሬን ላስቀምጥ ስል፣ ሦስት ዓመት ይህን ሸክም ብቻህን ተሸክመህ እንዳደርህ ትዝ አለኝና፣ የራሴ ቃል ቢያጥረኝ የእርሷን ተበደርሁ፤

ታየ፣ እህል ትቀምሳለህ ወይ?

ወንድምህ ቢምረው
ቤርሳቤህ፣ ሽኩና ቫቭ
ኅዳር ፳፩ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.