በእርሳስ የተከበበ እግር

ለእትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ደረጃ መውጣት መውረዱስ ቀለል አለልሽ? እኔ ከእግሬ በቀር ደህና ነኝ። ልጄም ደህና ናት፤ ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስትስቅ አሮጊት ትመስላለች። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትዪ። በስልክ ብጀምረው አንቺ ቶሎ ብለሽ ወሬውን ታስቀይሪኛለሽ፣ እኔም እሺ ብዬ እዘጋለሁ። ስለዚህ እጽፋለሁ፤ ከየት እንደምጀምር ግን ግራ ገብቶኛል።

ከሐኪሙ ልጀምር። ያ ውስጥ እግሩ ለጥ ብሎ የተኛው ቀኝ እግሬ ቀዶ ሕክምና ሊደረግለት ነው። እኔ አሥራ አምስት ዓመት ቆሜ ጸጉር ስሠራ የወደቀ መስሎኝ ነበር። ሐኪሙ የአጥንቴን ምስል በኮምፒውተር እያገላበጡ፣ የእግር አጥንት እንደ ፊት ነው፣ የሁለት ሰው አንድ ዓይነት አይሆንም አሉኝ። የኔ የተረከዝ አጥንት አጠር ብሎ ወደ ውጭ ያጋደለ ነው። ሊቆርጡትና ጥቂት ሚሊሜትር ሊያንሸራትቱት ነው፤ ቁራጭ አጥንትም ይጨመርበታል። ልኩን ከመወሰናቸው በፊት ግን ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ እንደነበረ ወይም በኋላ የመጣ እንደሆነ ማወቅ ፈለጉ። አጥንቱ ከመጀመሪያው እንዲህ ከሆነ ዕቅዱ ሌላ ነው፣ ጅማቱ ላልቶ ከሆነ ሌላ። ከቤተሰብሽስ እንዲህ ያለ እግር ያለው አለ ወይ አሉኝ። ምን አውቄ! ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የኔስ እግሬም ጭምር ነው።

ያኔ የአባባ ካርቶን ትዝ አለኝ። ታስታውሺ የለ? ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ጫማ ሊሠራልን እግራችንን ሳፋ ውስጥ ያስነክረንና ወረቀት ላይ ያስረግጠናል፤ ከዚያ እርጥቡን ዙሪያውን በእርሳስ ይከበዋል። ውሃው እየቀዘቀዘኝ ስፈራገጥ ቁርጭምጭሚቴን ይዘሽ የምታቆሚኝ አንቺ ነበርሽ። አንድም ወረቀት አልጣለም። የማን እንደሆነ፣ ቀኑን ከነዓመቱ ጽፎ ካርቶኑ ውስጥ ደርድሮታል።

ወለሉ ላይ ዘረጋኋቸው። የአባባ እግር መሀሉ ቀጭን ነው፣ የእማዬም እንደዚያው። የኔ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ድፍን ነው፣ መሀል የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ያንቺም ድፍን! እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ፤ ለካ ብቻዬን አይደለሁም አልኩ። አንድም ቀን እኔም እንዳንቺ ነኝ ያላልሽኝ ለምን እንደሆነ ግን አልገባኝም። በደወልሽ ቁጥር ከጤናዬ በፊት እግሬን ትጠይቂ የለም እንዴ?

ይበልጥ ያልገባኝ ሌላ ነው። አባባ ለሁላችንም በዓመት አንድ ወረቀት ነው ያለው። ላንቺ በአሥራ ሰባት ዓመትሽ ሦስት አለ። እያንዳንዱ ከፊተኛው ይሰፋል። በሦስተኛው ጥግ ላይ፣ እየጠበባት ነው፣ ለቀቅ ይደረግ ብሎ ጽፏል። የእማዬን የዚያን ዓመት ወረቀት ከቀደመው ጋር ደራርቤ መስኮት ላይ ብይዘው መስመሩ አንድ ነው፤ የሷ ምንም አልሰፋም።

ወረቀቶቹን ለሐኪሙ ወሰድኩላቸው። ከልጅነትሽ ነው፣ አጥንቱ ነው ብለው ዕቅዳቸውን አስተካከሉ። ከዚያ ያንቺን ሦስቱን ጎን ለጎን አድርገው፣ እኚህ ሴት ያኔ ነፍሰ ጡር ነበሩ ወይ ብለው ጠየቁኝ። በእርግዝና እግር እንደሚሰፋ፣ ብዙ ጊዜም ወደ ቦታው እንደማይመለስ ነገሩኝ። ሳቅኩ። ኧረ እህቴ ናት፣ ያኔ ተማሪ ነበረች አልኳቸው። ልጄን ስወልድ የኔም ጫማ አንድ ቁጥር መጨመሩ ትዝ ያለኝ ከሐኪሙ ወጥቼ ደረጃው ላይ ስደርስ ነው። እዚያው ቁጭ ብዬ የሦስተኛውን ወረቀት ቀን ደግሜ አየሁት። እኔ የተወለድኩት በቀጣዩ ወር ነው።

መጀመሪያ ተናደድኩ። የአንዲት ደንበኛዬን ጸጉር ያላዘዘችውን ቀለም ቀባሁት፤ ደግነቱ ወደደችው። ከዚያ አለቀስኩ፣ ከዚያ ደግሞ ራበኝ። እትዬ፣ ሆድ ይፍጀው ብለሽ ይህን ሁሉ ዓመት እንዴት ቻልሽው? ሁሉንም ንገሪኝ አልልሽም። ማንን ምን ብዬ እንደምጠራ እንኳ ጠፍቶኛል።

ቀዶ ሕክምናው በሚመጣው ወር በሦስተኛው ሰኞ ነው። ቅጹ ላይ የቅርብ ዘመድ የሚል ቦታ አለ፣ ስምሽን ጻፍኩበት። ከጎኑ ዝምድና የሚለውን ግን ክፍት ተውኩት። ነርሷ ሙዪው እንጂ ስትለኝ፣ እሷ ራሷ መጥታ ትሞላዋለች አልኳት። እስክሪብቶ እኔ አዘጋጃለሁ።

መንገዱን ያቅናልሽ፣ እንቅፋት አይንካሽ፣ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ። ለቀቅ ያለ ጫማ አድርገሽ ነይ።

ታናሽሽ