ለበሬ ሁለት ዓይን

የሺዬ፣ እንዴት ሰነበትሽ ልበልሽ? አፌ ለምዶ ነው። ከተለየሽኝ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ሙት ዓመትሽን አውጥተናል። ጠላው እንዳንቺ እጅ አልሆነም፤ ሰው ግን ሐዘኔን አይቶ ዝም ብሎ ጠጣው።

ቤቱ እንዳለ ነው ብልሽ መዋሸት ነው። ልጃችን እስቴ አገር ተዳረች፣ ደህና ሰው አገባች። የጓዳው ጣሪያ ክረምቱን ሲያፈስ ከረመ። በሬያችን ቦራ አርጅቷል፤ ጎረቤቶቻችን ጨው ሲሰጡት ፊቱን ያዞራል፣ አንቺን ይፈልጋል መሰለኝ። አልፈርድበትም፣ እኔም እንደዚያው ነኝ።

የምነግርሽ ስለ ሥዕሉ ነው። ያኔ የደብራችንን ግድግዳ ስሥል፣ ሕፃኑን ጌታ በትንፋሻቸው የሚያሞቁትን በሬና አህያ በጎን አድርጌ አንድ አንድ ዓይን ሰጠኋቸው። የሠዓሊ ሥርዓት ነው፤ ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ኃጢአተኛ በጎን በአንድ ዓይን ይሣላል። ለእንስሳ ደግሞ ማን ይጨነቃል? አንቺ ቆመሽ አየሽና፣ ጌታን ያሞቀ በሬ እንዴት ከይሁዳ እኩል አንድ ዓይን ይሆናል አልሽኝ። ሳቅሁብሽ። ሴት ስለ ሥዕል ምን ታውቃለች ብዬ በሰው ፊት አሳፈርኩሽ። እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠኛል።

በማግስቱ ምንም እንዳልተናገርኩሽ ሁሉ፣ እጄን ይዘሽ ቦራ ፊት አቆምሽኝ። ከወይፈንነቱ ጀምሮ ቀንበሩን ጠርቤ የምቀርጽለት እኔ ነኝ፤ ፊቱን ግን ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም ነበር። አንገቱ ላይ የኔው ቀንበር የላጠውን ቁስል አየሁ። ቀንበሩን ያን ዕለት እንደ ገና ጠረብኩት። ሥዕሉን ግን ኩራት ይዞኝ እንዳለ ተውኩት። አንቺም ደግመሽ አላነሣሽብኝም።

ዘንድሮ ዝናብ ገብቶ ግድግዳውን ስላበላሸው እንዳድስ ተጠራሁ። በሬውንም አህያውንም ወደ ሰው አዞርኳቸው፣ ሁለት ሁለት ዓይን ሰጠኋቸው። የደብሩ አለቃ አይተው ተቆጡ፤ ሥርዓት አፈረስክ፣ በል ፍቀው አሉኝ። እምቢ ብል ሌላ ሠዓሊ ያመጣሉ። ቢፋቅ ደግሞ ያንቺ ቃል አብሮ ሊፋቅ ነው። ፈራሁ፣ የሺዬ። ካህናቱና ምስለኔው እየሰሙ፣ አባቴ፣ ይህ ሥዕል የኔ አይደለም፣ የሚስቴ ነው፣ እኔ አልፍቀውም ብዬ የምፍቅበትን ቢላዋ አቀረብኩላቸው። በሕይወት ሳለሽ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ብዬ አላውቅም።

ቢላዋውን ይዘው ወደ ግድግዳው ቀረቡ። በሬው ፊት ለፊት ያያቸዋል። እሳቸውም ከአለቅነቱ በፊት ገበሬ ነበሩ። ኋላ ቢላዋውን መለሱልኝና፣ እስከ ፋሲካ ይቆይ፣ እናያለን አሉ። የአለቃን እናያለን ታውቂዋለሽ፤ አጥሩ ይታደሳል፣ እናያለን ካሉ ስድስት ዓመታቸው ነው።

በሥዕሉ ግርጌ የሠዓሊው ስም ይጻፋል። እኔ ያንቺን የክርስትና ስም ጻፍኩበት፣ ወለተ ሐና ብዬ። ማንበብ የሚችል ስምሽን ይጠራል፤ የማይችለውም በሬውን ሲያይ ይውላል። እኔ ደግሞ እስካለሁ ድረስ ለቅዳሴ በመጣሁ ቁጥር እዚያው ፊት እቆማለሁ፣ አልረሳሽም። ያን ዕለት በሰው ፊት ልልሽ ይገባኝ የነበረውን ዛሬ ልበልሽ፤ ልክ ነበርሽ።